የቆላ ሰው ለምን አይታመምም?

አጎቴ ከመተማ የተመለሰበት ሳምንት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሐምሌ ላይ ለሰሊጥ አረም ብሎ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ወረደ፣ እኛ ያደግነው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው፣ ብርድ አገር፣ ወባ የሚባለውን በወሬ ነው የምናውቀው። ጥቅምት መጨረሻ አጨዳው ሲያልቅ ተመለሰ። ሲገባ ደህና ነበር፣ ለእናቴ ሻሽ ለኔ እስክሪብቶ ይዞ፣ የኮቱን ኪስ ገልብጦ ስፌቱ ውስጥ የቀረውን ሰሊጥ መዳፌ ላይ እያራገፈልኝ አመሸን። በሦስተኛው ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ "በረደኝ" አለ። መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዛ ሌላ ጋቢ፣ ከዛ የአባቴ ካፖርት፣ በመጨረሻ አጎዛው ሳይቀር ተደረበበት፣ እሱ ግን ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ የሽቦ አልጋው ሲንሲያጠጥ ውጪ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ደሞ ሁሉንም ወርውሮ በላብ ተነክሮ ውሃ ውሃ ይላል። አያቴ በሩ ላይ ቆማ "ንዳድ ነው፣ ያ ንዳድ ነው" እያለች ታማትባለች።

"ያ" የምትለው በ1951 ዓ.ም የነበረውን ነው። ያኔ ገና ልጅ ያዘለች ወጣት ነበረች፣ ከጣና ዳር ያሉ ዘመዶቿን ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ እንዳለቁ ነው የምትናገረው። እኔ የአያቴ ወሬ ይመስለኝ ነበር፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ ነው እውነት መሆኑን ያወቅኩት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1958 ከሰኔ እስከ ታህሳስ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በወባ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ያን ያህል ሰው የጨረሰበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ደሞ ትንኟ የደረሰችው ወባን ጭራሽ የማያውቅ ሰውነት ያለው ሕዝብ ጋ መሆኑ ነው።

አጎቴ ተረፈ። ሲያገግም እሳት ዳር ተቀምጦ ያላት ነገር ናት እኔን እዚ ያደረሰችኝ። "እኛ ደገኞቹ እንደ ቅጠል ስንረግፍ የዛው አገር ሰዎች አብረውን እያጨዱ ቢበዛ አንድ ቀን ራሴን ይላሉ፣ በነጋታው ማጭዳቸውን ያነሳሉ። ያው ትንኝ ነው የሚነክሰን፣ የምንተኛውም አንድ ዳስ ስር ነው። ለምንድነው ግን?" ማንም አልመለሰለትም። እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ዛሬ ኢሚውኖሎጂስት ነኝ፣ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ነው የማጠናው፣ ቢ ሴል የሚባለውን የነጭ ደም ሴል ዓይነትና ወባን ሳጠና ከ20 ዓመት በላይ ሆነኝ፣ እስካሁን የምሠራው ያንኑ የአጎቴን ጥያቄ ነው። (ዓመተ ምህረቱን ከዚ በኋላ ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የሳይንሱ ወረቀት የሚወጣው በሱ ስለሆነ።)

ግማሽ መልሱ እኔ ሳልወለድ በፊት ተገኝቷል። 1961 ላይ ኮኸን፣ ማክግሬገርና ካሪንግተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ጋምቢያ ውስጥ ወባ ብዙ ጊዜ የተመላለሰባቸው አዋቂ ሰዎች ደም ወስደው ከውስጡ አንቲቦዲውን፣ ማለትም ሰውነት ተውሳክን የሚዋጋበትን ፕሮቲን፣ ለይተው በወባ ለታመሙ ሕፃናት ሰጡ፣ የልጆቹ ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ በጥቂት ቀን ውስጥ አሽቆለቆለ። በቃ አንቲቦዲ ብቻ! መድኃኒት አይደለም፣ የሰው ሰውነት ለዓመታት ታግሎ ያጠራቀመው ነገር ነው። 1991 ላይ ደሞ ከኮትዲቯር አዋቂዎች የተወሰደ አንቲቦዲ ለታይላንድ ታማሚዎች ተሰጥቶ እነሱም ላይ ሠራ። አህጉር ተሻግሮ። ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ላይብረሪ ውስጥ ቁጭ ብዬ አጎቴንና የመተማ ሰዎችን ነው ያሰብኩት፣ በደማቸው መድኃኒት ይዘው ማጭድ የሚያነሱትን።

እዚ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል ግን፣ የቆላ ሰው አይታመምም ማለት ልክ አይደለም። የቆላ ልጅ ይታመማል፣ ይሞታልም፣ በዓለም ላይ ወባ ከሚገድላቸው አብዛኞቹ ከ5 ዓመት በታች ያሉ የአፍሪካ ልጆች ናቸው። አጎቴ ያያቸው ጎረምሶች ከዛ ያለፉት ናቸው፣ ያላለፉትን አላየም። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ይከብደኛል፣ "የተፈጥሮ መከላከያ" የምንለው ነገር ዋጋው የተከፈለው በልጅነት ነው።

አንቲቦዲውን የሚያመርተው ቢ ሴል ነው። "ቢ" የምትለዋ ፊደል የመጣችው ከዶሮ ነው፣ ይሄን ተማሪዎቼን ሁሌ እነግራቸዋለሁ፤ ወፎች መቀመጫቸው አካባቢ በርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለቻቸው፣ 1950ዎቹ ላይ ብሩስ ግሊክ የሚባል ሰው ከጫጩት ላይ ቆርጦ አወጣትና ጫጩቶቹ ሲያድጉ አንቲቦዲ መሥራት እንዳቃታቸው ታየ። እኛ ጋ በርሳ የለም፣ የኛ ቢ ሴሎች የሚፈጠሩት መቅኔ ውስጥ ነው፣ ከዛ ጣፊያና ንፍፊት ውስጥ ይሠለጥናሉ። ጣፊያ ስል የወባ አገር ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ወባ ሲመላለስ ጣፊያ ያብጣል፣ ሐኪም በእጁ የግራ ጎንን ሲዳብስ የሚፈልገው እሷን ነው። የሠለጠኑት ሴሎች ከፊሎቹ አንቲቦዲ ያለማቋረጥ የሚያመርቱ ይሆናሉ፣ ከፊሎቹ ደሞ ሚሞሪ ሴል ይሆናሉ፣ ማለትም ጠላትን ያወቁና ሲመለስ ፈጥነው የሚነሱ።

እንግዲ ጥያቄው እዚ ጋ ነው። ኩፍኝ አንዴ ከያዘህ ዕድሜ ልክህን ይበቃሃል። ወባ ግን አሥር ጊዜ ይዞህ አሥራ አንደኛውም ያስተኛሃል። ለምን? አንዱ ምክንያት ተውሳኩ ራሱ ነው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ከሴሉ ላይ የሚያወጣውን ፕሮቲን የሚቀያይርበት 60 ያህል ጂን አለው፣ ሰውነትህ አንዱን ልብስ ሲያውቅበት ሌላውን ለብሶ ይመጣል፣ እስስት ነው በቃ። ያም ሆኖ ያ ብቻ አይደለም የሚል ጥርጣሬ ሁሌ ነበር፣ ቢ ሴሎቹ ራሳቸው ላይ የሆነ ነገር ይኖር ይሆን የሚል።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሩቅ ሲወራ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ይመስላል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች። የምንወስደው ደም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፣ ግን ቱቦ ውስጥ ሲያዩት ብዙ ይመስላል፣ አንዷ እናት "ይሄን ሁሉ ደም ምን ታደርጉበታላችሁ?" ብላኝ የመለስኩት ነገር ሳያረካት ከንፈሯን መጥጣ ስትሄድ ለሳምንት አልወጣልኝም። ደሙን በበረዶ ሳይሆን በክፍል ሙቀት ይዘን ወደ ላብ እንሮጣለን፣ ፊኮል የሚባል ወፈር ያለ ፈሳሽ ላይ ጠብታ በጠብታ በቱቦው ግድግዳ እናንሸራትተዋለን፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ይደባለቅና ያ ልጅ የተወጋው በከንቱ ነው። ከዛ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ይሽከረከራል። ሲወጣ ቀዩ ታች ወርዷል፣ ላይ እንደ ቀጭን ጠላ ቢጫ የሆነው ፕላዝማ አለ፣ በመሀል ደሞ እንደ ጉም የሳሳች ነጭ ቀለበት፣ ቢ ሴሎቹ ያሉባት። የኔ ሙሉ ሕይወት ያቺ ቀለበት ናት። በፒፔት ቀስ አድርጌ ስስባት አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከዛ ሴሎቹ በናይትሮጅን ታንከር ውስጥ ይቀዘቅዛሉ። አንድ የሠራሁበት ቦታ በበዓል ሰሞን ናይትሮጅኑን የሚሞላ ሰው ሳይኖር ቀረና ታንከሩ ደረቀ። የ41 ልጆች ናሙና ነበር፣ የሁለት ክረምት ሥራ። ሴል በሕይወት እንዳለ የምናየው ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርገን ነው፣ ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም፣ የሞተው ሰማያዊ ይሆናል። የመጀመሪያዋን ቱቦ አቅልጬ ማይክሮስኮፕ ስር ሳይ ሁሉም ሰማያዊ። ሁለተኛዋ ሰማያዊ። አምስተኛዋ ላይ አቆምኩ። ማንም ላይ አልጮህኩም፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ያለቀስኩት ደሞ ለዳታው አልነበረም፣ ከንፈሯን መጥጣ የሄደችው እናት ትዝ ብላኝ ነው።

ከዛ በኋላ ነው ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሄድኩት፣ በስምምነት ከምዕራብ አፍሪካ በሚመጡ ናሙናዎች ላይ ለመሥራት። የሄድኩበት ዘመን መስኩ የሚሟሟቅበት ነበር። 2009 ላይ ከማሊ የወጣ አንድ ጥናት ነበር፣ ወባ ባለበት መንደር የሚኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ ከተለመዱት ሚሞሪ ሴሎች የተለዩ፣ ሲዲ27 እና ሲዲ21 የሚባሉ ምልክቶች የሌሏቸው ቢ ሴሎች በብዛት እንዳሉ ያሳየ። የዛን ቡድን ሥራ ስከታተል ኖሬአለሁ፣ ማሊ ውስጥ ይሄን ሁሉ እንዲቻል ካደረጉት አንዱ ደሞ ፕሮፌሰር ኦጎባራ ዱምቦ ናቸው፣ 2018 ላይ ያረፉት፣ ባማኮ ውስጥ በማሊያውያን የሚመራ የወባ ምርምር ማዕከል ያቋቋሙ። ናሙና ወደ ውጪ የሚልክ ብቻ ሳይሆን እዛው ጥያቄ የሚጠይቅ ማዕከል። አፍሪካ ውስጥ አይቻልም ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምጠራው ስም ነው።

በራሴ ዓይን ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባለው ማሽን እያንዳንዱን ሴል በሌዘር ፊት አሳልፎ ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ያደርጋታል። ከሠፈሬ የደም ባንክ የመጣው የአሜሪካዊ ለጋሽ ነጥቦች ታች በግራ ጥግ ላይ፣ ሁለቱም ምልክቶች የሌሏቸው ሴሎች በሚወድቁበት፣ እምብዛም አልነበሩም። ቀጥሎ ወባ ካለበት አገር የመጣ የአዋቂ ሰው ናሙና አስገባሁ፣ ያ ባዶ ጥግ ተጥለቀለቀ። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ አጥቤ ደገምኩት። ያው ነው። ኤችአይቪ ላይ ተመሳሳይ ሴሎች 2008 ላይ ታይተው "የደከሙ" ተብለው ነበር፣ የወባዎቹ "ያልተለመዱ" ተባሉ፣ 2015 ላይ ደሞ ሲነኳቸው በቅጡ እንደማይነሱ፣ አንቲቦዲም እንደማያመርቱ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። ታሪኩ ግጥም አለ፤ ወባ ሲመላለስ ሴሎቹን ያደክማቸዋል፣ ስለዚ መከላከያ ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው። እኔም ለዓመታት በየስብሰባው እንደዛ ብዬ አቅርቤአለሁ፣ ስላይዴ ላይ "የተዳከሙ" ብዬ ጽፌ።

ግን የሆነ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። እነዚ ሴሎች የሚበዙት እኮ ብዙ ወባ ያለፈባቸው ሰዎች ላይ ነው፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ እነዛው በደንብ የሚቋቋሙት ላይ። ከአጎቴ ጋር ያጨዱትን የቆላ ጎረምሶች ደም ባየው ያ ጥግ የሚጥለቀለቅ ይመስለኛል፣ ቆመው የሚያጭዱት እነሱ ናቸው፣ የተኛው አጎቴ ነው፣ ታዲያ ማንን ነው የደከመ የምንለው?

መልሱ ቀስ እያለ መጣ። 2013 ላይ ከነዚሁ "ያልተለመዱ" ሴሎች የተወሰዱ አንቲቦዲዎች ተውሳኩን መግታት እንደሚችሉ የሚያሳይ ሥራ ነበር፣ ያኔ በቂ ትኩረት አልሰጠሁትም፣ ይቆጨኛል። 2020 ላይ ደሞ በጣም የወደድኩት ነገር ታየ፤ እነዚ ሴሎች ዝም ያሉን የምንፈትናቸው ፈሳሽ ውስጥ በሟሟ ፕሮቲን ስለነበር ነው፣ ፕሮቲኑ ሽፋን ላይ ተለጥፎ ሲቀርብላቸው ግን ይነሳሉ። ሰው በስልክ ስትጠራው ዝም ብሎ ፊት ለፊት ስትመጣለት አቅፎ እንደሚስምህ ማለት ነው። 2021 ላይ አውስትራሊያ ያለ ቡድን ሴሎቹን አንድ በአንድ አጥንቶ እነዚ ራሱን የቻለ ሌላ የቢ ሴል ዘር እንደሆኑ፣ ወባ ነክቷቸው የማያውቁ ጤነኛ ሰዎች ውስጥም በጥቂቱ እንዳሉና ለክትባት ምላሽ ላይ እንደሚሳተፉ አሳየ። "ያልተለመዱ" ያልናቸው ለማን ነው ያልተለመዱት? የመማሪያ መጽሐፋችን የተጻፈው ወባ በሌለበት አገር ሰው ደምና በአይጥ ነው፣ እኛ ደሞ ከሱ የተለየውን ሁሉ ብልሽት አልነው። በርግጥ ሁሉም ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም፣ የ2015ቱም ዳታ ውሸት አይደለም፣ እኔ ግን "የተዳከሙ" የሚለውን ቃል ከስላይዴ አጥፍቼዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ሲጠቀሙበት አስቆማቸዋለሁ።

እንዲያውም የወባ አገር ሰው ቢ ሴል ምን ያህል ብልህ እንደሆነ 2016 ላይ የወጣውን ነገር ልንገራችሁ። ኬንያ ውስጥ ካሉ ለጋሾች ደም የተገኙ አንዳንድ አንቲቦዲዎች ከብዙ ዓይነት የወባ ተውሳክ ጋር ይጣበቃሉ፣ ሲመረመሩ መሀላቸው ላይ ሌላ ጂን ተሰክቶባቸዋል፣ ላየር ዋን የሚባል፣ ከክሮሞዞም 19 ተቆርጦ ክሮሞዞም 14 ላይ ያለው የአንቲቦዲ ጂን መሀል የገባ። አንቲቦዲ እንደዛ እንደሚሠራ ማንም አያውቅም ነበር! ተውሳኩ ልብስ ሲቀያይር ሰውነት ደሞ ከራሱ ቤት ሌላ ክፍል መሣሪያ ነቅሎ አምጥቶ ገጠመበት። ይሄን ወረቀት ሳነብ ምግብ ረስቼ ነው የዋልኩት።

ሜሪላንድ እያለሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የኛ ሰው ምግብ ቤት አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዛ ነኝ። እዛ የማውቀው አንድ የኡበር ሾፌር አርባ ምንጭ ነው ያደገው፣ "እኔን ወባ አይደፍረኝም፣ በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ" ይል ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ ለእህቱ ሠርግ አገር ቤት ሄደ፣ መከላከያ ኪኒን ውሰድ ብዬ ለመንኩት፣ ሳቀብኝ። ከተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ድንገተኛ ክፍል ገባ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብለው መልሰውት ነበር፣ ሚስቱ ደውላልኝ "ከአፍሪካ ነው የመጣው፣ ወባ መርምሩት በይ፣ አሁኑኑ" አልኳት፣ ፋልሲፓረም ነበር። ተረፈ እግዚአብሔር ይመስገን። ውጪ ያላችሁ ሁሉ ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ በልጅነት የተገኘ የወባ መከላከያ ትንኟ ከሌለችበት አገር ሲኖሩ ይሳሳል፣ አገር ቤት ስትሄዱ ኪኒኑን ውሰዱ፣ ስትመለሱ ትኩሳት ከያዛችሁ ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ክትባቱስ? ትሉኝ ይሆናል። አርቲኤስ,ኤስ 2021 ላይ፣ አር21 ደሞ 2023 ላይ ለልጆች እንዲሰጡ በዓለም ጤና ድርጅት ተመክረዋል፣ ሁለቱም ተውሳኩ ገና ከትንኟ ወደ ጉበት ሲሄድ ነው የሚያደቡበት። ከአንድ ሰው ቢ ሴል የተገኘ አንቲቦዲ ደሞ ተሻሽሎ ማሊ ውስጥ ለአዋቂዎች አንድ ጊዜ በደም ሥር ሲሰጥ በከፍተኛው መጠን ለስድስት ወር 88.2 በመቶ ከመያዝ ተከላክሏል፣ 2022 ላይ። የ1961ዱ የጋምቢያ ሙከራ የልጅ ልጅ ማለት ነው። ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል።

ሆኖም ይሄ ሁሉ የተሠራው ፋልሲፓረም ላይ ነው። አገሬ ውስጥ በብዛት ያለው ደሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቪቫክስም አለ፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ እንደገና የሚነሳው። አብዛኛው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰው ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን ስለሌለው ቪቫክስ እምብዛም አይደፍረውም፣ እኛ ጋ ግን ያለውም የሌለውም ሰው ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው፣ የሌለውም ሲያዝ ታይቷል። ፋልሲፓረምን ከ1976 ጀምሮ ላብ ውስጥ እያባዙ ማቆየት ተችሏል፣ ቪቫክስ እንቢ ብሏል፣ እሱን የፈለገ ታማሚው ያለበት መሄድ አለበት። ወደ አገሬ የተመለስኩት ለዚ ነው። አንድ የገንዘብ ማመልከቻዬን የገመገመ ሰው "ይሄ ሥራ የተሻለ ላብ ባለበት ቢሠራ" ብሎ ጽፎ ውድቅ አድርጎታል፣ እኔ ደሞ ታማሚው እዚ ነው፣ ትኩሱ ደም እዚ ነው ብዬ በሚቀጥለው ዓመት መልሼ አስገባሁት። 2024 ላይ ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል። ያን ቁጥር ያየሁት ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው፣ አግዳሚው ሞልቶ መሬት ላይ የተቀመጡ እናቶች ነበሩ፣ ስልኬን ዘግቼ ወደ ቱቦዎቼ ተመለስኩ።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ጋ ሄድኩ። አርጅቷል፣ ጋቢውን ለብሶ ያችው ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። "አያ፣ ያቺን የመተማ ጥያቄህን እኮ እስካሁን እየሠራሁባት ነው" አልኩት። ረስቷታል። ስነግረው ግን ቀስ እያለ መጣችለት፣ ከዛ ስለ ቢ ሴሎቹ በማውቀው አማርኛ ሁሉ አስረዳሁት፣ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ አወራሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና "እኔስ?" አለ። "ሦስት ክረምት ነው የወረድኩት። የኔ ደም ውስጥስ የቀረ ነገር አለ?"

ማዳጋስካርን ነገርኩት። እዛ ደጋው ላይ ወባ ለ30 ዓመት ገደማ ጠፍቶ ቆይቶ 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲመለስ፣ ድሮ በልጅነታቸው ወባን ያዩት ሽማግሌዎች ከወጣቶቹ ይልቅ ተቋቁመውታል። ታይላንድ ውስጥም ወባ ከያዛቸው ብዙ ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሚሞሪ ቢ ሴል ተገኝቷል። "ያ የአሜሪካው ሾፌርስ?" አለኝ፣ ስለሱም ነግሬው ነበርና። "ታሟል አያ፣ ግን አልሞተም፣ ሚሞሪው የተወሰነ ረድቶት ይሆናል፣ ኪኒን ግን አይተካም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዛ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ ክንዱን ዘረጋልኝ።

"እንግዲያው ፈልጊው" አለኝ።

እንዲህ በዋዛ እንደማይሆን፣ ፈቃድ የሚባል ወረቀት እንዳለ፣ ቱቦም እንዳልያዝኩ ስነግረው ክንዱን አላጠፈውም። ደም ሥሩ ከቆዳው ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ያየ ሁሉ አንዴ ወግቶ የሚያገኘው ዓይነት። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።